እናቴ በ72 ዓመቷ ኬሞና ጨረር አንድ ላይ ወሰደች

«የሳንባ ነቀርሳ ነው» ተባልን። በጎንደር፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር፣ ነቀርሳ ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ቲቢ ነው። ስለዚህ ደነገጥን እንጂ ተስፋ አልቆረጥንም፤ ስድስት ወር ኪኒን ውጦ የዳነ ሰው በየጎረቤቱ አለ። ከአራት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም ያንኑ ቃል ሲደግመው ግን ካንሰር ማለቱ ነበር። በሁለቱ ነቀርሳዎች መካከል ያለፈው ጊዜ እስካሁን ይቆጨኛል። ይህን የምጽፈው ዕድሜው የገፋ አባት ወይም እናት ይዞ «ይህን ከባድ ሕክምና ይችሉታል ወይስ እንተዋቸው?» እያለ ሌሊቱን ለሚያነጋ ሰው ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነበርኩ።

እናቴ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራ እየጋገረች፣ ጠላ እየጠመቀች ነው ያሳደገችን፤ ያውም ጭስ መውጫ በሌላት የጭቃ ማድቤት ውስጥ። ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነበር። ሳሉ የጀመራት በ2014 ክረምት ነው። በነሐሴ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ራጅ ተነሣች፤ ሳንባዋ ላይ ጥላ ታየ። አክታዋ በጂን ኤክስፐርት ተመርምሮ ቲቢ የለበትም ቢባልም፣ ራጁን አይተው የቲቢ መድኃኒት አስጀመሯት። በአገራችን ቲቢ ብዙ ስለሆነ እንዲህ ማሰባቸው አያስገርምም፤ አክታ ላይ ሳይገኝ የሚታከም ቲቢ እንዳለም ኋላ ተረድቻለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አራቱን መድኃኒት ሁለት ወር ሙሉ ወስዳ ሳሉ ሳይቀንስ፣ ቀሚሷ እየሰፋት ሲሄድ፣ «ምናልባት ሌላ ነገር ይሆን?» ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። አክታው ነፃ ከሆነና መድኃኒቱ በሁለት ወር ውስጥ ለውጥ ካላመጣ፣ «ሲቲ ስካን ይታዘዝላት» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም።

እብጠቷን ያገኘቻት ታናሽ እኅቴ ናት። ለኅዳር ጽዮን ጸጉሯን ስትሠራት፣ ከአንገቷ ንቅሳት ዝቅ ብሎ፣ አንገትና ትከሻ ከሚገናኙበት አጥንት በላይ ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር ዳሰሰች። አታምም፤ ብትገፋም ከቦታዋ አትነቃነቅም። የእናቴ እኩዮች በልጅነታቸው አንገታቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ያቺን እብጠት በንቅሳቱ መስመር መሃል፣ ያውም በነጠላ ሥር፣ ማን ያያታል? በማግስቱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄድን። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሲቲ ስካን ተነሣች፤ ከእብጠቷ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቁርጡን ሰማን። የሳንባ ካንሰር ነው፤ ዓይነቱ አዴኖካርሲኖማ ይባላል፤ ደረጃው ሦስተኛ ነው። በደረቷ መካከልና በአንገቷ ሥር ወዳሉት ዕጢዎች ስለደረሰ በቀዶ ጥገና አይወጣም፤ ነገር ግን ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ አንጎል የሄደ ነገር አልታየም።

ያ «ነገር ግን» ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አራተኛ ደረጃ ቢሆን ሕክምናው ዕድሜ ለማራዘምና ሥቃይ ለመቀነስ ነው። በሦስተኛው ደረጃ ግን ለማዳን ታስቦ የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ ኬሞና ጨረርን በአንድ ጊዜ መስጠት።

ውጤቱን የሰማነው እኛ ልጆቿ ነን። እሷ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር። ቀጥሎ የሆነውን አብዛኛው አንባቢ ከቤቱ ያውቀዋል። ታላቅ ወንድማችን «እንዳትነግሯት፣ ድንጋጤው ይገድላታል» አለ። አጎቴ ደግሞ «በዚህ ዕድሜዋ በኬሞ አታሰቃዩአት፤ ጠበሏን እየተጠመቀች በቤቷ ትረፍ» አለ። ሁሉም የተናገረው ከፍቅሩ ነው። ሦስት ሳምንት ደበቅናት። «የሳንባ ቁስል ነው» አልናት፤ እሷም «ይሁን» አለችን።

ጥምቀት ደረሰ። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ታቦታቱን ወደ ፋሲል መዋኛ ሳትሸኝ ቀርታ አታውቅም። በዚያ ዓመት በከተራ ዕለት ነጭ ለብሳ ወጣች፤ ግን ፒያሳን ሳናልፍ ትንፋሽ አጠራትና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እልልታው እየራቀን ሄደ። «አንቺ ልጅ፣» አለችኝ፣ «እኔ ስንቱን አስታምሜ ቀብሬአለሁ። የምትደብቁኝ ነገር እንዳለ አላውቅም ብለሽ ነው? ስሙን ንገሪኝ።» እዚያው ድንጋዩ ላይ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ «እና መድኃኒት አለው ወይስ የለውም?»

ያን ሦስት ሳምንት መልሼ ባገኘው አልዋሻትም ነበር። ከእውነቱ ሌላ የሥራም ጉዳይ አለበት። ይህ ሕክምና በታማሚው ትብብር የሚሠራ ነው። በየቀኑ ማሽኑ ሥር ሳትንቀሳቀስ የምትተኛው እሷ ናት፤ ሌሊት «ትኩሳት መጣብኝ» ብላ የምትቀሰቅሰንም እሷ ናት። ለምን እንደምትሰቃይ የማታውቅ ሴት ሦስተኛው ሳምንት ላይ «በቃኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ» ብትል ማን ይፈርድባታል?

ካንሰር ሐኪሙ ጋር ስንገባ አጎቴ ቀድሞ «ዶክተር፣ 72 ዓመቷ ነው» አለ፤ ክርክሩ በዚያ ያለቀ መስሎት። ሐኪሙ ግን ወደ እናቴ ዞሮ «እማማ፣ ጠዋት ከተነሡ እስከሚተኙ ድረስ ምን ምን ይሠራሉ?» አላት። እሷም ቆጠረችለት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን በእግሯ ትሳለማለች፤ ልብሷን ራሷ ታጥባለች፤ ቡናዋን ራሷ ታፈላለች፤ አሁን አሁን ግን ዳገት አልሆንላት ብሏል። ከዚያ በሦስት ወር ውስጥ ምን ያህል ኪሎ እንደቀነሰች፣ ምን ኪኒን እንደምትወስድ፣ ወድቃ ታውቅ እንደሆነ፣ ማን ከእሷ ጋር እንደሚያድር ጠየቀን። ልቧ በአልትራሳውንድ ታየ፤ ስኳሯ፣ ጉበቷና ኩላሊቷ ተመረመረ፤ ትንፋሿ ተለካ። እንግዲህ አንድ አረጋዊ ይህን ሕክምና ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው የሚመዘነው በእነዚህ ሁሉ ነው። አዛውንት ይዛችሁ ስትሄዱ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን ሳታሳምሩ፣ ሳታጋንኑ ንገሩ። «ደህና ነች፣ ጠንካራ ናት» ብላችሁ ድካሟን ብትደብቁ የማትችለው መጠን ሊታዘዝላት ይችላል።

ዕድሜዋ በቁጥርነቱ የገባበት ቦታ ግን አለ። ካርቦፕላቲን የሚባለው ኬሞ መጠኑ የሚሰላው በኩላሊት ጥንካሬ ነው፤ በስሌቱ ውስጥ ዕድሜ፣ ክብደትና በደም ውስጥ ያለው የክሪያቲኒን (ከጡንቻ የሚወጣና ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) መጠን ይገባሉ። ይህን ሐኪሙ ደጋግሞ አስረዳኝ። ጡንቻቸው የሳሳ አሮጊቶች ክሪያቲኒናቸው በወረቀት ላይ ደህና መስሎ ሳለ ኩላሊታቸው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የላብራቶሪ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ኩላሊቷ ጤነኛ ነው» ማለት አይበቃም። ሲስፕላቲን የሚባለውን ወንድሙን ለእሷ አልመረጠም፤ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል፣ ብዙ ፈሳሽም ይፈልጋል። በየሳምንቱ ዝቅ ባለ መጠን ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የተባለ ሌላ ኬሞ፣ ከእነሱ ጋር 30 ቀን ጨረር፣ በድምሩ 60 ግሬይ ታዘዘላት። ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው፤ በቀን ሁለት ሁለት እየተባለ ይሰጣል።

«ለምን አንድ ላይ? አንዱ አልቆ ሌላው ቢቀጥል አይቀላትም ወይ?» አልኩት። ጨረሩ የካንሰሩን ሕዋስ ዘረመል ይሰብረዋል፤ ሕዋሱ ግን የተሰበረውን ለመጠገን ይታገላል። ኬሞው በዚያው ሰሞን ደም ውስጥ ካለ ጥገናውን ያደናቅፍበታል። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ጻፈልኝ፤ ኋላም ራሴ አንብቤ አረጋግጬዋለሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. የስድስት ጥናቶች ውጤት ተደምሮ፣ በ1,205 ሕሙማን ላይ ሲታይ፣ ኬሞ ቀድሞላቸው ጨረር ከተከተለላቸው ከመቶው 11 ያህሉ አምስት ዓመት በሕይወት ሲቆዩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰዱት 15 ያህሉ ቆይተዋል። በአንጻሩ ከባድ የምግብ ቧንቧ ቁስለት የደረሰባቸው ከመቶው ከ4 ወደ 18 ከፍ ብለዋል። ስለ አዛውንቶች ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ከጃፓን የወጣ ጥናት አለ፤ ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ 200 ሰዎች ተካፍለውበታል። ጨረር ብቻ ከወሰዱት ግማሹ ከ17 ወር ገደማ በላይ ሲኖሩ፣ በየቀኑ አነስተኛ ካርቦፕላቲን የተጨመረላቸው ግማሹ ከ22 ወር በላይ ኖረዋል። ኢንፌክሽን ግን በእነዚህ ላይ በዝቷል።

አጎቴ ቁጥሮቹን ሰምቶ «ይህቺ ናት?» አለ። አልተቀየምኩትም፤ እኔም ትልቅ ቁጥር ጠብቄ ነበር። እናቴ ግን «አሥራ አምስቱ ውስጥ እንደማልገባ ማን ነገረህ?» አለችው። የወሰነችው እሷ ናት።

የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ በቅርብ ዓመታት ጅማና ሐረር ተጨምረዋል። እኛ በታከምንበት ጊዜ ጎንደር ላይ ኬሞ እንጂ ጨረር አልነበረም። ዛሬ ይህን የምታነቡ መጀመሪያ እዚሁ ጠይቁ። ሁለቱ አንድ ላይ እንዲሰጡ ከተፈለገ ታማሚዋ ጨረሩ ባለበት ከተማ ሰባት ሳምንት ያህል መቀመጥ አለባት፤ የአልጋ፣ የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ ከመድኃኒቱ የማይተናነስ ነው። እኛ አዲስ አበባ ሄደን ሽሮ ሜዳ የአክስቴ ልጅ ቤት ተጠጋን፤ የሰፈራችን ጽዋ ማኅበርም አዋጣልን። ዘመድ የሌለው ሰው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ይጠይቅ፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ አለው። ወረፋ ስላለ፣ ሪፈሩን በያዝን በሁለተኛው ቀን የአክስቴን ልጅ ወረቀቶቹን አስይዘን አስመዘገብናት እንጂ እናቴን ይዘን ሄደን አልተንከራተትንም። የሲቲውን ሲዲ፣ የፓቶሎጂውን (የናሙና ምርመራውን) ወረቀትና ናሙናው ያለበትን ስላይድ አብራችሁ ላኩ። ስላይዱን ከጎንደር እንደገና ለማስመጣት ሳምንት የፈጀበት ሰው አይቻለሁ።

ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ልክ የሚወሰድበት ቀን አለ። ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አንሥታ ሲቲ ማሽን ላይ ትተኛለች፤ በየቀኑ በዚያው ቅርጽ እንድትተኛ ደረቷ ላይ ነጠብጣብ ምልክት ይደረግባታል። የእናቴ ቀኝ ትከሻ በሊጥ ማቡካትና በእንስራ የደነደነ ነው፤ እጇን ወደ ላይ ማንሣት አልቻለችም። የዚያን ዕለት አልቅሳ ወጣች። ቴክኒሽያኗ ትራስ አበጅታ፣ ለአምስት ቀን ትከሻዋን በሞቀ ፎጣ እያሸን እንድናለማምዳት ነግራን ቀጠሮ ሰጠችን። ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ጎንደር እያለን እናለማምዳት ነበር። ትከሻው የያዘው አዛውንት ያላችሁ ሪፈሩን ስትጠብቁ በየቀኑ እጃቸውን በግድግዳ ላይ እያስወጣችሁ አለማምዱ። ነጥቦቹን ሲያደርጉባትማ «በልጅነቴ አንገቴን ስነቀስ በቃሬዛ የሚያስወስድ አሞኝ ነበር፤ ይቺ ምን አላት?» ብላ ቴክኒሽያኗን አሳቀቻት። የማተቧን ክር አላስወለቋትም፤ መስቀሏን ብቻ ማሽኑ ላይ ስትወጣ እኔ እይዝላት ነበር።

የካቲት 20 ቀን 2015 ጀመረች። ጨረሩ ራሱ አያምም፤ አይታይም፤ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። ክፍሉ ውስጥ ለብቻዋ ትሆናለች፤ እኛ በካሜራ እናያታለን። ከዚያ ወጥታ የአክስቴን ልጅ ሕፃን ታቅፋለች። «ጨረሩ ወደ ልጁ አይተላለፍም ወይ?» ተብሎ ብዙ ሹክሹክታ ነበር፤ አይተላለፍም፤ ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ኬሞ አለ። ጠዋት ደሟ ይመረመራል፤ ነጭ የደም ሕዋሷና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌቷ ካልወረደ መጀመሪያ የአለርጂና የማቅለሽለሽ መከላከያ በደም ሥሯ ይገባል፤ ከዚያ ኬሞው። በዚያን ዕለት ሌሊት ከመከላከያዎቹ አንዱ በሆነው ዴክሳሜታዞን ምክንያት እንቅልፍ አታገኝም፤ ዳዊቷን ስትደግም ያነጋታል። ሁለቱ የመጀመሪያ ሳምንታት እንዲህ በሰላም አለፉ። አንድ ቀን ማሽኑ ተበላሽቶ ተመለስን። አንድ ቀን ምንም አይደለም ብለን እንዳንዝናና ሐኪሟ አስጠነቀቀን፤ በመሃል ቀናት በተቋረጡ ቁጥር የካንሰሩ ሕዋስ መልሶ የመራባት ዕድል ያገኛል። ያለበቂ ምክንያት አንድም ቀን አትቅሩ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ምግብ አቃታት። ጉሮሮዋ ላይ አልነበረም ሕመሙ፤ ጉርሻው ደረቷ መሃል ሲደርስ «እሳት እንደዋጥኩ ነው» ትላለች። ያስጠነቀቁን የምግብ ቧንቧ ቁስለት ይህ ነበር። በርበሬ፣ ሎሚ፣ ትኩስ ሻይ፣ የኮመጠጠ እንጀራ ሁሉ ተከለከለ። በዚህ ላይ ዐቢይ ጾም ነው። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፏ አታስገባም፤ ወተትና እንቁላል «አምላክን ልከዳ ነው?» ትላለች። ኪሎዋ በሁለት ሳምንት ከ50 ወደ 47 ወረደ። እኔ ብለምናት፣ ሐኪሙ ቢነግራት አልሰማችም። የንስሐ አባቷን ጎንደር ደወልንላቸው። «ልጄ፣ በሽተኛ ጾም አይጠየቅም። ወተቱን እንደ መድኃኒት ጠጪው፤ እኔ ፈቅጄልሻለሁ» አሏት። ስልኩን ዘግታ «አምጪው» አለችኝ። የጾመኛ እናት ያላችሁ ሐኪሙ ጋር ከመሟገታችሁ በፊት የንስሐ አባቷን ፈልጉ፤ ያውም ሕክምናው ሳይጀመር።

ከዚያ በኋላ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ትንሽ ትንሽ እናቀምሳት ነበር፤ ለብ ያለ አጥሚት፣ በወተት የላላ የአጃ ገንፎ፣ የተፈጨ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ በርበሬ የሌለው ስስ ሽሮ። ወተቱን አፍልተን ነው፤ ኬሞ የሚወስድ ሰው ያልፈላ ወተትና ጥሬ ሥጋ መንካት የለበትም። ከምግብ ሃያ ደቂቃ በፊት የሞርፊን ሽሮፕ ታዘዘላት። ሞርፊን ሲባል ወንድሜ «ሱስ ይሆንባታል» ብሎ ደነገጠ። በሐኪም መጠን ለሕመም ሲሰጥ የሚያሳስበው ይልቅ የሆድ ድርቀት ነው፤ ማለስለሻውን አብራችሁ ጠይቁ። ያለ እሱ አትበላም ነበር፤ ካልበላች ደግሞ ሕክምናው ይቋረጥ ነበር።

መጋቢት 16 ቅዳሜ ሌሊት ቀሰቀሰችኝ። «በረደኝ» አለች። ቴርሞሜትሩ 38.4 አለ። ከመጀመሪያው ቀን የተነገረን ነገር ነበር፤ 38 ከደረሰ ጠዋትን አትጠብቁ፤ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ አታስተኟት፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ራይድ ጠርተን ሄድን። ነጭ የደም ሕዋሷ በጣም ወርዶ ነበር። በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተጀመረላት፤ አራት ቀን ተኛች፤ የዚያ ሳምንት ኬሞ ቀረ፤ ጨረሩም ሁለት ቀን ተዘለለ። አዛውንት ላይ ትኩሳቱ ላይጨምር ይችላል፤ መፍዘዝ፣ መዘባረቅ ወይም ድንገት መዛል ብቻ ሊታይ ይችላል። ቴርሞሜትር ከቤት አይጥፋ።

በተኛችበት ክፍል ከደባርቅ የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ከእናቴ በሁለት ዓመት ያንሳሉ። ልባቸው ደካማ ነበር፤ ከአልጋ ወርደው ለመቀመጥ ልጃቸው ይደግፋቸዋል። ለእሳቸው ሐኪሞቹ አንድ ላይ አልሰጧቸውም፤ ጨረር ብቻ ወሰዱ። ልጁ «ለእናትሽ የተሰጠ ለአባቴ ለምን ተከለከለ?» ብሎ አዘነብኝ። የካዱት መስሎት ነበር። እኔ ግን እናቴ፣ ያ ሁሉ ጥንካሬዋ፣ ምን እንዳደረጋት አይቻለሁ። እሳቸው ይህን ጨምረው ቢወስዱ ከዚያ ክፍል ላይወጡ ይችሉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሐኪም «አንድ ላይ አይችሉም» ሲላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ኩላሊት ነው? ልብ ነው? ሳንባው ነው? ክብደት ነው? መልስ ካለው ተቀበሉት። መልሱ «አርጅተዋል» ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሠላሳኛው ጨረር ያለቀው በጸሎተ ሐሙስ ነው። 45 ኪሎ ሆና፣ ጸጉሯ ሳስቶ፣ የጣቶቿ ጫፍ ደንዝዞ ሲኒ ከእጇ እያመለጣት፣ ቅዳሜ በአውሮፕላን ጎንደር አዘዞ አረፍን። ፋሲካን ቤቷ ዋለች። ዶሮው መሃል ላይ ቀረበ፤ እሷ ከአጥሚቷ ሌላ አልቀመሰችም፤ ግን ሽታውን ሳበችና «ለከርሞ» አለች።

የሚከተለውን በደንብ አንብቡልኝ፤ ብዙ ሰው «ሕክምናው አለቀ» ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። በሰኔ፣ ማለትም ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ጀመራት። ቅርባችን ያለ ጤና ተቋም ወሰድናት። ራጁን አይተው «ቲቢው አገርሽቷል» አሉን። ያን ቃል ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ግን በዚህ ጊዜ ከእጄ የማይለይ ፌስታል ነበረኝ፤ ጨረሩ መቼ እንደተጀመረና እንዳለቀ፣ ስንት ግሬይ እንደሆነ፣ የትኛው የደረት ክፍል ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት አለበት። እሱን ይዤ ወደ ካንሰር ሐኪሟ ሮጥኩ። ሲቲው ላይ የታየው ጥላ ጨረሩ ያለፈበትን መንገድ ተከትሎ ነው። ጨረር ያቆሰለው ሳንባ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ካለቀ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይመጣል። ቁስለቱን የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ታዘዘላት፤ በቀናት ውስጥ ትንፋሿ ቀለለ። መድኃኒቱ የሚቆመው በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው፤ «ተሻላት» ብላችሁ በድንገት እንዳታቋርጡ። መድኃኒቱ ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ስኳር ያለባቸው ደግሞ በየጊዜው ይለኩ። እናቴ ያኔ የቲቢ መድኃኒት ብትጀምር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከዚህ ሕክምና በኋላ ለአንድ ዓመት የሚሰጥ ዱርቫሉማብ የሚባል፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ መድኃኒት እንዳለ ተነግሮናል፤ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ስለነበር አልወሰደችም። ሲጋራ በማያጨሱ ሰዎች ላይ በብዛት የሚገኝ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር የተባለ የዘረመል ለውጥም አለ፤ ከተገኘ በኪኒን የሚወሰድ መድኃኒት አለው። ናሙናው ሲወሰድ ይህ ምርመራ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እኛ ያኔ አላወቅንም።

ከነሐሴ 2015 በኋላ መንገዱ ስለከበደ ክትትሏን በአብዛኛው እዚሁ ጎንደር አደረግነው። «ድናለች» ያለን ሐኪም የለም፤ እኛም አንጠይቅም። በመጨረሻው ሲቲ ላይ የቀረው ጠባሳ ነው፤ አዲስ ነገር አልታየም። ኪሎዋ 51 ደርሷል። ጣቶቿ እንደ ደነዘዙ ቀርተዋል። ማድቤቷን አፍርሰን በኤሌክትሪክ ምጣድ ተክተነዋል። ሐኪሙ ጭሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል እንጂ በእርግጠኝነት ይህ ነው ማለት አይቻልም ብሏል፤ እኔ ግን እኅቴን በዚያ ጭስ ውስጥ ማየት አልፈልግም። እናቴ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ማገዶው ታያለች፤ ክብሪቱን የደበቅኩት እኔ ነኝ።

ሥላሴን በእግሯ ትሳለማለች፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ቀጣዩ ሲቲ ኅዳር ላይ ነው። ፌስታሉ በር ኋላ ተሰቅሏል።